የሾክ ዌቭ ማሽን ግፊት በትክክል እንዴት ይለካል? ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሚለካ ሰው

የኩላሊት ጠጠር የሚፈጨው ማሽን ፓነሉ ላይ 16 ኪሎቮልት ይላል። ለተረከዝና ለትከሻ ሕመም የሚያገለግለው ትንሹ የፊዚዮቴራፒ ማሽን ደግሞ 3 ባር ይላል። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ "ኃይሉ ይሄ ነው" ብሎ ያልፋል። አይደለም። 16 ኪሎቮልቱ ካፓሲተሩ (ለምቱ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) የተሞላበት ቮልቴጅ ነው። 3 ባሩ ደግሞ እጀታው ውስጥ ያለችውን ብረት የሚገፋው የኮምፕሬሰር አየር ግፊት ነው። ታካሚው ሰውነት ውስጥ የሚገባው ግፊት ስንት እንደሆነ ሁለቱም አይነግሯችሁም። እሱን ለማወቅ ውሃ ውስጥ መለካት ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው በሆስፒታል ወርክሾፕም ሆነ በፖሊ (በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ላብራቶሪ ለምትሠሩ የባዮሜዲካል ሰዎች ነው። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ጊዜም ውሃም አባክኜባቸዋለሁ። እናንተ ባትደግሟቸው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የምትለኩትን ነገር እወቁት

አንድ የሊቶትሪፕተር (የጠጠር ማሽኑ) ምት በአሥር ማይክሮሰከንድ ውስጥ አልቆ ይሄዳል። ዐይናችሁን አንዴ እስክትጠቅሱ እንዲህ ያለ ምት አሥር ሺህ ጊዜ ሊያልፍ ይችል ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ግፊቱ ከዜሮ ተነስቶ በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ 30፣ 50፣ አንዳንዴም 100 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። አንድ ሜጋ ፓስካል ወደ አሥር የከባቢ አየር ግፊት ነው። ከዚያ በአንድ ማይክሮሰከንድ ገደማ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚህ ግን አያበቃም። ከዜሮ በታች ይገባና ከ5 እስከ 15 ሜጋ ፓስካል ያህል ውሃውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ይህ ጭራ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይቆያል።

ጭራውን አትናቁት። ውሃውን ቀዶ አረፋ የሚፈጥረው እሱ ነው። አረፋው ሲፈርስ ጠጠሩን ይሰብራል፤ ያለቦታው ከሆነ ደግሞ የኩላሊትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይጎዳል። ስለዚህ የጫፉን ግፊት ብቻ ለክቶ "ጨርሻለሁ" ማለት ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው።

የምቱ ፊት ለምን እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል? ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ጣና ዳር ቁሙና ማዕበሉን እዩት። ወደ ዳር ሲጠጋ የማዕበሉ አናት ከሥሩ ቀድሞ ይሮጣል፤ ፊቱ እየቆመ ይመጣል። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ድምፅም ውሃ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ክፍል ከዝቅተኛው ይፈጥናል፤ ከኋላ ደርሶ ፊቱን ግድግዳ ያደርገዋል።

ትንሹ የፊዚዮቴራፒ ማሽን ግን ብረት በብረት እየመታ የሚሠራ ከሆነ እዚህ ደረጃ አይደርስም። ግፊቱ የሚነሳው በማይክሮሰከንድ ነው፤ መጠኑም በጣም ያነሰ ነው። ስሙ ሾክ ዌቭ ይባል እንጂ ግድግዳ የለውም። ለዚህም ነው መለኪያ ደንባቸው የተለያየው። ለጠጠር ማሽኖች በእ.ኤ.አ. 1998 የወጣው የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ፣ አይኢሲ 61846፣ አለ። ወደ አንድ ነጥብ ለማይሰበስቡት ደግሞ አይኢሲ 63045 በ2020 መጥቷል። ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ለጠጠር ማሽኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሃው

በእኔ ልምድ ብዙው ስህተት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የጣና ውሃ አይሆንም። ደለል አለው፤ ደለሉ ላይ ደግሞ የማይታይ አየር ተጣብቋል። ከሮቶ የሚወርደው የቧንቧ ውሃም አይሆንም። ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሮዱ ያልተሸፈነ ሃይድሮፎን (ውሃ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያነበው መለኪያ) ከሆነ ሲግናሉ በውሃው ውስጥ ያልፍና ይጠፋል። የሚያስፈልገው የተጣራ፣ ጨው የሌለው ውሃ ነው። ከመኪና ዕቃ መሸጫ ከገዛችሁ የባትሪ ውሃው እንጂ አሲዱ አለመሆኑን በደንብ አረጋግጡ።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ነው። ቀላሉ መንገድ ማፍላት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል አትጠብቁ፤ አይልም። ክዳን ባለው ንጹህ የብረት ድስት ለሩብ ሰዓት ያህል ይፍላ። ከዚያ ትኩሱን ሙቀት በሚችል ዕቃ እስከ አፉ ሙሉት። ክዳኑ ሥር የአየር ክፍተት አይኑር። ያደረ ውሃ በማግሥቱ ለሥራ ዝግጁ ነው።

ወደ ገንዳው ስትገለብጡ ጠላ እንደሚቀዳ ከፍ አድርጋችሁ አትቅዱ። ያስወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ታስገባላችሁ። የጎማውን ጫፍ ከገንዳው ወለል ላይ አስቀምጡና ቀስ ብሎ ይፍሰስ። እኔ መጀመሪያ በባልዲ ደፍቼው ነበር። የገንዳው ግድግዳ ሁሉ የብር ነጠብጣብ መሰለ፤ ሃይድሮፎኑ ላይ ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን የለካሁት ሁሉ ተጣለ።

የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ በሊትር ከ4 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ሞክሩ። እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ራሷን የቻለች ወጥመድ አላት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ወደ 81 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ማለት ነው። በ20 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው ወደ 7.3 ብቻ ነው። መለኪያው በአየር ላይ ሲስተካከል ከፍታው ካልተነገረው 7.3ቱን 9.1 ብሎ ያነባል። ስለዚህ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ከፍታውን 1800 ወይም ግፊቱን 81 ሴት አድርጉ።

ዝቅተኛው የአየር ግፊት ሌላም ነገር ያመጣል። አንዴ የተከፈተ አረፋ ላይ ገፍቶ የሚዘጋው ኃይል እዚህ አነስ ይላል። አረፋው ይሰፋል፤ እስኪፈርስም ቆየት ይላል። ይህን ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

ሙቀቱንም መዝግቡ፤ ሥራ ስትጀምሩም ስትጨርሱም። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ውሃ 1482 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በ25 ዲግሪ 1497 ይሆናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ እኩለ ቀን ላይ ገንዳው ይሞቃል። እኔ የምለካው ጠዋት በማለዳ ነው።

ደረጃ 2፦ ሃይድሮፎን መምረጥ

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

መርፌ የሚመስለው ርካሽና ጠንካራ ነው። ግን ድምፁ መርፌው ጠርዝ ላይ እየተንጸባረቀ የምቱን ቅርጽ ያበላሸዋል። ማሽኑ ከትናንት ዛሬ መድከሙን ለማየት ይበቃል። "ግፊቱ ይህን ያህል ነው" ብሎ ለመፈረም ግን አልጠቀምበትም።

ሜምብሬኑ ፒቪዲኤፍ የሚባል ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከበሮ ላይ እንደተወጠረ ቆዳ በቀለበት ላይ ተወጥሯል። ቅርጹን በደንብ ይይዛል። ችግሩ አረፋዎቹ ሲፈርሱ ይቦረቡሩታል፤ ከብዙ ምት በኋላ ንባቡ ይቀንሳል።

ሦስተኛው የብርጭቆ ክር ነው፤ ፋይበር ኦፕቲክ ሃይድሮፎን። ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በውስጡ የሌዘር ብርሃን ይላካል፤ ጫፉ ላይ ከውሃው ጋር ሲገናኝ 0.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ግፊት ሲመጣ ውሃው ይጠቀጠቃል፤ የሚመለሰው ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። ውሃ ብርጭቆን አጥብቆ ስለሚይዝ ጭራው ሲጎትት ጫፉ ላይ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ አሉታዊውን ግፊት በታማኝነት ያነባል። ጫፉ ቢሰበር ትቆርጡትና እንደገና ታስተካክሉታላችሁ። ዋጋው ግን ያማል፤ ሲግናሉም ደካማ ስለሆነ ትንሽ ግፊት ላይ በኖይዝ ይዋጣል።

የትኛውንም ብትይዙ ሰርተፊኬቱን አንብቡ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ፍሪኩዌንሲውን። አንድ ጊዜ በውሰት ያገኘሁት ሃይድሮፎን ከ1 እስከ 20 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር የተፈተሸው። የጠጠር ማሽን ምት ግን አብዛኛውን ጉልበቱን የሚይዘው ከ1 ሜጋኸርዝ በታች ነው፤ የምቱ ፊት ደግሞ ከ20 በላይ ይሄዳል። ሰርተፊኬቱ ትክክል ነበር፤ ለእኔ ሥራ ግን በሁለቱም በኩል አጭር ነበር።

ደረጃ 3፦ ኦሲሎስኮፑ

ኦሲሎስኮፑ የሃይድሮፎኑን ሲግናል በጊዜ ላይ ስሎ ስክሪን ላይ ያሳያል። ሦስት ነገር ቼክ አድርጉ።

ፍጥነቱን። አንድ ኦሲሎስኮፕ ሊያሳይ የሚችለው የመነሻ ጊዜ 0.35 ለባንድዊድዙ (ሊያነበው ለሚችለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ) ሲካፈል ነው። 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ 3.5 ናኖሰከንድ ይሰጣችኋል፤ ይበቃል። ብዙዎቹ ላይ ግን ኖይዝ ለመቀነስ የተሠራች የ20 ሜጋኸርዝ ገደብ አለች። እሷ በርታ ከቀረች 17.5 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ የጫፉም ግፊት አጥሮ ይታያል። አጥፏት።

መግቢያውን። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ፕሪአምፕሊፋየር (ሲግናሉን መጀመሪያ የሚያጎላው ዕቃ) የሌለው ሜምብሬን ሃይድሮፎን ነበር የያዝኩት። ከልማድ መግቢያውን 50 ኦም ላይ አደረግሁት። ስክሪኑ ላይ የመጣው ምት እንደ እሾህ ቀጥኖ ነበር፤ ረጅሙ ጭራ ከዜሮው መስመር ጋር ተለጥፏል። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ፈለግሁ። ማሽኑ ጤነኛ ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሃይድሮፎኑና ኬብሉ አንድ ላይ 100 ፒኮፋራድ ቢሆኑ በ50 ኦም ከ32 ሜጋኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየተቀነሰ ይመጣል። በ1 ሜጋኦም ግን ገደቡ 1.6 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ ምቱም ሙሉ ይገባል። ፕሪአምፕሊፋየር ያለው ሃይድሮፎን 50 ኦም ሊጠይቅ ይችላል፤ ማኑዋሉ የሚለውን አድርጉ። በልማድ ብቻ ግን አትጫኑ።

ስኬሉን። 8 ቢት ኦሲሎስኮፕ ስክሪኑን 256 እርከን ላይ ይከፍለዋል። ስክሪኑ በሙሉ 100 ሜጋ ፓስካል ቢሆን አንዷ እርከን 0.4 ገደማ ናት። ለ60 ምንም አይደለም። 6 ሜጋ ፓስካል ለሆነው ጭራ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምቱ ስክሪኑን በደንብ እንዲሞላ አድርጉ፤ አናቱ ግን እንዳይቆረጥ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለሁሉም ጠንቅ ነው። ማሽኑንም ኦሲሎስኮፑንም በስታቢላይዘርና በዩፒኤስ በኩል አገናኙ። ጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁ መለኪያውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ደረጃ 4፦ ማስተካከል

የጠጠር ማሽኑ ጭንቅላት ጄል የሚቀባ ከሆነ በገንዳው ስስ መስኮት በኩል ታጋጥሙታላችሁ። ጄሉን ከሰፊ አፍ ዕቃ ዛቅ አድርጋችሁ መሐል ላይ በአንድ ክምር አስቀምጡ፤ ጭንቅላቱ ሲጠጋ ራሱ ይዘርጋው። ከጠርሙስ እየጨመቃችሁ ዚግዛግ ከቀባችሁ አየር ይያዛል። የመገናኛው ፊት 2 በመቶ ብቻ በአየር ሲሸፈን የጠጠር መሰበር ከ20 እስከ 40 በመቶ ሲቀንስ በላብራቶሪ ታይቷል። ይህን ለታካሚ ጄል ለሚቀቡ ባልደረቦቻችሁም ንገሯቸው።

ሃይድሮፎኑን በሦስት አቅጣጫ በሚንቀሳቀስ መያዣ ላይ እሰሩት። ከማሽኑ ፋብሪካ ነጥብ ጀምሩና ግማሽ ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር እየሄዳችሁ ከፍተኛውን ፈልጉ። የከፍተኛው አዎንታዊ ግፊት ቦታና የከፍተኛው አሉታዊ ግፊት ቦታ አንድ ላይ አይደሉም። አሉታዊው ወደ ምንጩ ቀረብ ይላል። ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉና ቦታቸውን ጻፉ።

አሁን ሰው የሚረሳው ነገር፦ ዘንበል ማለት። ሜምብሬኑ ላይ ያለው የሚሰማው ነጥብ 0.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። ፊቱ ከምቱ ጋር 5 ዲግሪ ቢዛባ የምቱ ግድግዳ ነጥቡን በአንዴ አይመታውም። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመድረስ 29 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ጥቂት ናኖሰከንድ የነበረው ፊት 29 ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው፤ ጫፉም አብሮ ይጎብጣል። 1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ 6 ናኖሰከንድ ነው። በብርጭቆው ክር 5 ዲግሪ ራሱ 6 ብቻ ያመጣል። ዘንበል ቀና እያደረጋችሁ የመነሻው ጊዜ በጣም የሚያጥርበትን ቦታ ፈልጉ። ዐይናችሁን አትመኑ፤ ውሃው ያጣምመዋል።

ደረጃ 5፦ መተኮስ

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ኤክስሬዩ ይጥፋ፣ ጆሮ መሸፈኛ ይደረግ፣ እጅ ገንዳ ውስጥ አይግባ። የማሽኑን ሽፋን አትክፈቱ፤ ካፓሲተሩ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ሊገድል ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። በምንጩና በሃይድሮፎኑ መካከል አየር የቋጠረ የስፖንጅ ንጣፍ፣ ለምሳሌ የሰንደል ጫማ ሶል፣ አስገቡና አንድ ጊዜ ተኩሱ። ድምፁ አያልፍም። ስክሪኑ ላይ የቀረው ሁሉ ከማሽኑ ብልጭታ በአየር የመጣ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። ጫጫታው የሚደርሰው ዜሮ ሰዓት ላይ ነው፤ ድምፁ ግን መጓዝ አለበት። ሃይድሮፎኑ ከምንጩ 150 ሚሊሜትር ቢርቅ በ20 ዲግሪ 101 ማይክሮሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይመጣል። እዚያ ጋ ካላገኛችሁት የምታዩት ሌላ ነገር ነው።

ንጣፉን አውጡና በዝግታ ተኩሱ። ታካሚ ላይ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ይተኮሳል። ለመለኪያ ግን እኔ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ነው የምተኩሰው። ያለፈው ምት ጥሎት የሄደው አረፋ ካልጠፋ የሚቀጥለውን ምት ጭራ ይቆርጠዋል። አዎንታዊው ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ነገሩን ሳታውቁት ታልፋላችሁ። ለሙከራ በሰከንድ ሁለት ተኩሳችሁ ጭራውን ከዝግታው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ ውሃችሁ ገና አየር አለው።

በአንድ ቮልቴጅ ቢያንስ 30 ምት መዝግቡ። በብልጭታ የሚሠሩ ማሽኖች ምታቸው ከምት ምት ይለያያል፤ ኤሌክትሮዱ ባረጀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። በኤሌክትሮማግኔት የሚሠሩት የተረጋጉ ናቸው። አማካዩን በኋላ በወረቀት አውጡ። ኦሲሎስኮፑ ምቶቹን ራሱ ደራርቦ አማካይ እንዲሠራ አታድርጉ፤ እያንዳንዱ ምት በጥቂት ናኖሰከንድ ስለሚቀድምና ስለሚዘገይ ግድግዳው ይደበዝዛል።

ደረጃ 6፦ ከቮልት ወደ ግፊት፣ ከግፊት ወደ ጉልበት

ቮልቱን ለሃይድሮፎኑ ሴንሲቲቪቲ (በአንድ ሜጋ ፓስካል ለሚሰጠው ቮልት) ስታካፍሉ ግፊቱ ይመጣል። ሐኪሞች የሚጠይቋችሁ ግን ብዙ ጊዜ በካሬ ሚሊሜትር ስንት ሚሊጁል እንደሚያርፍ ነው። ለዚያ የግፊቱን ካሬ በጊዜ ላይ ደምሩና ለውሃው ጥግግትና ለድምፁ ፍጥነት ብዜት አካፍሉ። ጫፉ 40 ሜጋ ፓስካል የሆነና በ1 ማይክሮሰከንድ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ዜሮ የሚወርድ ምት 0.36 ሚሊጁል በካሬ ሚሊሜትር ይሰጣል። ያገኛችሁት መልስ ከዚህ በመቶ እጥፍ ከራቀ ዩኒት ላይ ተሳስታችኋል።

ግፊቱ ካሬ ስለሚሆን ስህተቱም ያድጋል። ግፊት ላይ 10 በመቶ አብዝታችሁ ካነበባችሁ ጉልበቱ ላይ 21 በመቶ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የስህተቱን ወሰን መጻፍ

"45 ሜጋ ፓስካል" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ስህተቶቹን በየስማቸው አስቀምጡ። ለምሳሌ የሃይድሮፎኑ ካሊብሬሽን 12 በመቶ፣ የባንድዊድዝ ማጠር 6፣ ማስተካከል 4፣ ኦሲሎስኮፑ 3፣ ከምት ምት ያለው ልዩነት 3 ይሁኑ። አትደምሯቸው። እያንዳንዱን ካሬ አድርጉ፣ ካሬዎቹን ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጡ፤ 14.6 ይመጣል። 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን በሁለት አባዙት፤ 29 በመቶ። ለ45 ሜጋ ፓስካል 13 ማለት ነው።

ቁጥሩ ትልቅ መስሎ ከታያችሁ አትፈሩት። በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ "2 በመቶ" ብሎ ከሚፈርም ሰው ይልቅ እናንተን ነው የማምነው። ዝርዝሩ ራሱም ይጠቅማል፤ የመጀመሪያውን ገንዘብ የት ማውጣት እንዳለባችሁ ያሳያችኋል። በዚህ ምሳሌ የተሻለ ኦሲሎስኮፕ መግዛት ምንም አይለውጥም። ሃይድሮፎኑን ልኮ ማስፈተሽ ይለውጣል።

ሲያልቅ ሃይድሮፎኑን በተጣራ ውሃ አለቅልቁና በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ አትንኩት። ገንዳውን አራግፉ፤ ካደረ አልጌ ይይዛል። ማሽኑ ጎን ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ ቀኑ፣ 16 ኪሎቮልት፣ 45 ሲደመር ሲቀነስ 13 ሜጋ ፓስካል፣ ጭራው፣ የውሃው ሙቀት፣ የሃይድሮፎኑ ሲሪያል ቁጥርና የለካው ሰው ፊርማ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ሃይድሮፎን፣ በዚያው ቮልቴጅ፣ በማለዳ ድገሙት።